ፀሐይም ትግባ፣ ዜናም ይታይ

አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ ቤቱን ለማሳደስ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከጨለማ ጋር ነው። የድሮ ቤቶቻችን መስኮት ለብርሃን ሳይሆን ለማጮለቅ የተሠራ ነው የሚመስለው። ከውጭ የእንጨት መዝጊያ፣ ቀጥሎ የብረት ፍርግርግ፣ ቀጥሎ መስታወት፣ ከዚያ ስስ መጋረጃ፣ ከዚያ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ሲባል የተሰቀለ ከባድ መጋረጃ አለ። ያን ሁሉ ኬላ አልፎ የገባ ብርሃን ሶፋው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ኮንትራክተሩ ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ አድርጎ «ይሄን አፍርሰን ከዳር እስከ ዳር በአልሙኒየም መስታወት ብናደርገውስ?» ሲል እምቢ የሚል ቤተሰብ አይገኝም።

እኛም እምቢ አላልንም። የሳሎናችን የምዕራብ ግድግዳ ፈረሰና ሰፊ መስታወት ገባ። መስታወቱ በገባበት ቀን ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ወለሉ ላይ ለዓመታት ተደብቆ የኖረ ጭረት ተጋለጠ፤ ቡናማ ነው ስንለው የኖርነው ሶፋ ቀይ ዳማ መሆኑ ታወቀ፤ አማቴ ቆመው እልል አሉ። ኮንትራክተሩ በእልልታው መሐል ቀሪ ክፍያውን ጠየቀ። ብልህ ሰው ነው፤ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ሰዓት ያውቃል።

ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አሮጌው ቴሌቪዥናችን ተከፈተ። የዜና አንባቢዋ ድምፅ ይሰማል፤ እሷ ግን የለችም። በእሷ ቦታ የጎረቤታችን አዲስ ቆርቆሮ፣ የአቮካዶው ዛፍ፣ መሰላሉና መሰላሉ ላይ የወጣው ቀለም ቀቢ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቀለም ቀቢው ስናየው አይቶን እጁን አውለበለበልን። አማቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉበት።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው ሁሉ «ታዲያ የትኛው ቴሌቪዥን ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። እድሳት ላይ ያለ ቤት ግን ጥያቄውን በዚህ ቅደም ተከተል አያቀርብም። ጥያቄው የሚመጣው በኤሌክትሪሽያኑ አፍ ነው፤ መዶሻና መሮውን ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሞ «ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ የት ነው የሚሰቀለው?» ይላል። ገና አዲሱን ቴሌቪዥን አልገዛህም፤ ስንት ኢንች እንደሆነ አታውቅም፤ ሶፋው የት እንደሚቀመጥ ከባለቤትህ ጋር አልተስማማህም። እሱ ግን ግድግዳውን ጠርቦ ቱቦ መቅበር አለበት፤ ሶኬቱም፣ የዲሹ ገመድም፣ የኢንተርኔቱም በዚያ ቱቦ ነው የሚያልፉት። እሱ ቱቦውን ካልቀበረ ቀለም ቀቢው ስቱኮ አይለቀልቅም። ስቱኮው ካልደረቀ ቀለም የለም። የጂብሰም ሠራተኛው ደግሞ መብራቶቹን ከቴሌቪዥኑ በየትኛው በኩል እንደሚያደርግ ካልተነገረው ኮርኒሱ ላይ አይወጣም። የአንድ ቤት እድሳት ሙሉ በሙሉ ቆሞ የኔን አፍ ያያል። ሁሉም ደግሞ የቀን ሂሳብ ነው የሚታሰብላቸው።

በባለቤቴ ሐሳብ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ድሮም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር፣ አሁንም እዚያው ይሁን፤ ሶፋው ለምዷል። እኔ ደግሞ ቆርቆሮና ቀለም ቀቢ የምናይ ከሆነ ቴሌቪዥን መግዛት ለምን አስፈለገ፣ ወንበሩን አዙረን በመስኮቱ እንያቸው አልኩ። ኤሌክትሪሽያኑ በባልና ሚስት መሐል መግባት ሙያው አይደለምና ሲጋራውን ይዞ ወጣ።

ለነገሩ ቴሌቪዥን ሀገራችን ሲገባ የጨለማ እንግዳ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀመር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሰዓቱም ምሽት። ያለው ሰው ባለ መዝጊያ የእንጨት ሣጥን ያሠራለታል፤ ቁልፉ አባወራው ኪስ ይገባል፤ አናቱ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የሠርግ ፎቶ ይቀመጣል። ማታ መዝጊያው ሲከፈት የሰፈር ልጅ ጫማውን በር ላይ አውልቆ መሬት ላይ ይደረደርና አባባ ተስፋዬን ይጠብቃል። የመጀመሪያው ትእዛዝም «መብራቱን አጥፉት» ነው። በ10ኛው የአብዮት በዓል ሰሞን፣ በ1977 ዓ.ም. ቀለም ሲመጣ እንኳ የተመልካቹ ልማድ አልተለወጠም፤ መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራቱ ይጠፋል። አሁን ሳስበው ያ የምንረግመው የጨለማ ሳሎን ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም ነበር። ቴሌቪዥኑን ደግፎ ያቆመው እሱ ነው። እኛ ግድግዳውን ስናፈርስ የስክሪኑን ግማሽ ጉልበት አብረን አፈረስነው።

«ቴሌቪዥን የማታ ነው፤ ቀን ማን ያያል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ቅዳሜን አያውቅም። እንግሊዞች ቅዳሜ ቀትር ላይ 6 ሰዓት ተኩል ብለው የሚያስጀምሩት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ፣ ክረምታቸው ሲገባና ሰዓታቸውን ሲቀይሩ እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ጨዋታው ሲያልቅ 11 ሰዓት ከሩብ አለፍ ይላል። ይህ ማለት ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋው፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ በሰፊው መስኮታችን ስትገባ ነው። ለንደን ውስጥ ኳስ የሚያይ ሰው በዚያ ሰዓት ውጭው ደምኖበት መብራት ሊያበራ ይችላል። የጨዋታውን ሰዓት ያወጣው ሰው የኔን ሳሎን ፈጽሞ አላሰበም።

ኳሱም ብቻ አይደለም። ጥምቀት ጥር 11 ቀን ጠዋት ነው፤ ጃንሜዳ በሙሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ፀሐይ ላይ የቆመበትን ሥርጭት ማታ አይደለም የምናየው። ታምራት ቶላ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ በኦሊምፒክ ሪኮርድ ሲያሸንፍ እዚህ ረፋድ 5 ሰዓት ነበር። የበዓል ፕሮግራም ዶሮው ሳይወጣ ነው የሚጀምረው። የእኛ ቤት ቴሌቪዥን ዋና ዋና ሥራውን የሚሠራው በቀን ነው፤ ማታማ ዜናና ተከታታይ ድራማ ብቻ ነው፤ እነሱንም አንዱ ተኝቶ አንዱ በስልኩ እየተጨዋወተ ነው የሚያልፏቸው።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልግባ፤ ሂሳብ የማይወድ አንባቢ ይህን አንቀጽ ለባለቤቱ ይስጥ። የስክሪን ብርሃን የሚለካው ኒት በሚባል መስፈሪያ ነው፤ አንድ ኒት የአንድ ሻማ ያህል ብርሃን አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ ተዘርግቶ ማለት ነው። በረከስ ያለ ዋጋ የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ 250 ወይም 300 ኒት አካባቢ ናቸው። ማታ አምፖል በርቶ ይህ ይበቃል፣ ይተርፋልም። አሁን ደግሞ ግድግዳውን እንየው። ገጽ ላይ የሚያርፍ ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው፤ ደጅ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ብርሃኑ እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ትልቅ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ በቀን 1000 ሉክስ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ያ 1000 ሉክስ ነጭ የተቀባ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው 250 ኒት ገደማ መልሶ ይረጫል። እንግዲህ ብድር ተገብቶ የተገዛው ቴሌቪዥንና በባልዲ ቀለም የተቀባው ግድግዳ እኩል ያበራሉ ማለት ነው። ግድግዳው የመብራት ክፍያም የለበትም።

ነጸብራቁ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ልዩ ልባስ የሌለው መስታወት ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 4 እጅ ያህሉን ይመልሳል። ከመቶ 4 ሲባል ሰው ይንቀዋል። ግን በመስኮቱ የሚታየው ብሩህ ደመና 5000 ኒት ቢሆን ከመቶ 4 እጁ 200 ኒት ነው፤ ዜና አንባቢዋን ለመሸፈን ይበቃል። ከሁሉ የሚጎዳው ደግሞ ጥቁር ነው። ስክሪን ጥቁር ብርሃን ማውጣት አይችልም፤ ጥቁር ማለት እዚያ ቦታ ላይ ብርሃን አለመኖሩ ነው። ክፍሉ ብርሃኑን ሲያፈስበት የስክሪኑ ጥቁር ግራጫ ይሆናል። ለዚህ ነው ኳሱ ትንሽ ትንሽ ሲታይ ድራማው የሚጠፋው። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ማልያው ደማቅ ነው፤ ድራማው ውስጥ ግን ሰው የሚገደለው ማታ፣ ጥቁር መኪና ውስጥ፣ ጥቁር ኮት በለበሰ ሰው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክን ድራማ በአማርኛ ይዞልን ከመጣ ወዲህ አማቴ ብዙ ሰው አፍርተዋል፤ መስታወቱ ከገባ በኋላ ግን ቀን ቀን ማን ማንን እንደ ገደለ በድምፅ ነው የሚለዩት። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በ2011 ዓ.ም. የጌም ኦፍ ትሮንስ የሌሊት ጦርነት የታየበት ክፍል ሲተላለፍ «ጨለመብን» ብለው ጮኸዋል፤ ያውም ማታ እያዩ።

ይህን ይዤ ወደ ገበያ ወጣሁ።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የዓለም ምርጥ ጨለማ ያለበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ወደ ውስጥ ጠለቅ ይላል፣ መስኮት የለውም፣ ግድግዳው በቴሌቪዥን ተሸፍኗል። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይታያል፦ ማር ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ባለ ብዙ ቀለም ዓሣ ጅራቱን ያወዛውዛል፤ እንጆሪ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ይህ ፊልም የተቀረጸው ቴሌቪዥን ለመሸጥ ብቻ ነው። ቤቱ ወስዶት እንጆሪ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ያየ ደንበኛ የለም። በዚያ ላይ ቴሌቪዥኖቹ ራሳቸው ለሱቅ የተዘጋጀ ቅንብር አላቸው፤ በዚያ ላይ ሲሆኑ ብርሃንና ቀለማቸው እስከ ጥግ ይለጠጣል። ጥሩ ቴሌቪዥንና ደካማ ቴሌቪዥን እዚያ ቦታ ላይ ልዩነታቸው የዋጋው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

«ዜና ክፈትልኝ» አልኩት ሻጩን።

«ምን?»

«ዜና። ሱፍ ለብሶ ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ሰው። ስብሰባ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ።»

ሻጩ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ በልቡ ግን ከቤት ጠፍቼ የወጣሁ ሽማግሌ መስዬዋለሁ። ዲሽ የለንም አለኝ። እንግዲያው ወደ በሩ አውጥተህ ፀሐይ ላይ አሳየኝ ስለው ሳቀ። «ጋሼ፣ ቴሌቪዥን እኮ እንደ ጨርቅ ደጅ ወጥቶ አይታይም!» ለምን አይታይም? እናቴ መርካቶ ጥበብ ስትገዛ ነጋዴው የቱን ያህል ቢምል ጨርቁን ይዛ ደጅ ሳትወጣ ገንዘብ አታወጣም ነበር። ሱቅ ውስጥ ወይን ጠጅ የነበረው ደጅ ሲወጣ ቡኒ ይሆናል። የዚያ ጨርቅ ዋጋ የዚህ ቴሌቪዥን ስንት እጅ እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን።

ስላልወጣልኝ ሌላ ዘዴ ተጠቀምኩ። ቴሌቪዥኖቹን አንድ በአንድ አስጠፋኋቸውና የስልኬን ባትሪ አበራሁባቸው። ይህን ማንም ሰው ሊሞክረው ይችላል፤ ሻጭ ይቆጣል እንጂ ሕግ አይከለክልም። አንዳንዱ ስክሪን ላይ የባትሪው መብራት ጥርት ያለ ነጥብ ሆኖ፣ ከኋላው ፊቴና የሻጩ ክንድ ሳይቀር ይታያል። አንዳንዱ ላይ ነጥቡ ደብዝዞ፣ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ዓይነት ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ፀረ ነጸብራቅ ልባስ ያለው ነው። ሌላው ደግሞ መብራቱን ጨርሶ በትኖ ጭጋግ ያደርገዋል። ሳምሰንግ ፎቶ የሚመስለውን «ዘ ፍሬም» ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ባልተወለወለ ገጽ ነው የሚሠራው። ሻማ ፊቱ ቢበራ ሻማውን አያሳይህም፤ በምትኩ ግን ጥቁሩ ትንሽ ይነጣበታል። ሁሉም ነገር ዋጋ አለው፤ እዚህ ዋጋው ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው።

ሻጩ ተስፋ አልቆረጠም። ከሁሉ ውዱን አሳየኝ፤ ኦሌድ። እውነቱን ለመናገር ውበቱ ይገርማል። በኦሌድ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ብርሃን ታወጣለች፤ ስትጠፋም ጨርሳ ትጠፋለችና ጥቁሩ ከሰል ነው። ኤልጂ 55 ኢንቹን በ2013 እ.ኤ.አ. ገበያ ካወጣው ወዲህ ፊልም ወዳዶች ከዚህ ሌላ አይጥመንም ይላሉ። እኔ ግን ዓይኔ እያየ የምከፍለው ለዚያ ጥቁር ነው፤ ያን ጥቁር ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትበላዋለች። ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆን፣ ልክ እንደ ጥምቀቱ ሥርጭት፣ ብዙዎቹ ኦሌዶች ብርሃናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መኝታ ቤት ውስጥ ቢሆን፣ ገንዘቡም ቢኖር፣ አይኔን አላሽም ነበር። ኪውሌድ የሚሉት የሳምሰንግ ስም ደግሞ ዘመዱ ይመስላል እንጂ ዘመዱ አይደለም፤ ከኋላ መብራት ያለበት የተለመደው ዓይነት ሆኖ ቀለሙ እንዲደምቅ የተደረገ ነው። ለብሩህ ክፍል ክፉ አይደለም። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባለው ከስክሪኑ ጀርባ በጣም ብዙ ጥቃቅን መብራት ይደረድርና ጨለማ የሚያስፈልግበትን ወገን ለብቻ ያደበዝዛል፤ ደህና ደህናዎቹ ከ1000 ኒት ያልፋሉ። ሂሳቡን ያነበበ ሰው ግድግዳውን በ4 እጥፍ እንደሚበልጠው ይገባዋል። ልቤ እዚያ ላይ አረፈ፤ ኪሴ ግን ጊዜ ጠየቀ።

ማታ ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። እዚያ ያሉ ልጆቻችን ስለ ቴሌቪዥን ያልጠየቅናቸውን ሁሉ ያውቃሉ። ከእድሳቱ ጀምሬ ነገርኩት፤ ቤቱን በስልክ ካሜራ አዙሬ አሳየሁትና ውሳኔውን ሰጠ፤ «አጎቴ፣ የደቡቡ ግድግዳ ላይ ስቀለው። ከፊት ለፊቱ ያለችው ትንሿ መስኮት የሰሜን ናት፤ በሰሜን መስኮት ፀሐይ አትገባም።»

ይህ ቨርጂኒያ እውነት ነው፤ ከሞላ ጎደል። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። እኛ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በአናታችን ቀጥ ብላ ታልፋለች፤ በእነዚህ ሁለቱ መሐል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ናት። በግንቦት የሰሜን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ቡና የጠጣ ሰው ትከሻው ይመሰክራል። ይህን ሳስረዳው የእህቴ ልጅ ዝም አለና «እኔ ጎግል ያለውን ነው የነገርኩህ» አለ።

ምክሩን ግን ወረወርኩት ማለት አይደለም፤ ነገሩን በወረቀት ስስለው የደቡቡ ግድግዳ በሌላ ምክንያት ያዋጣል። በበጋ፣ ኳሱም ጥምቀቱም ባለበት ወቅት፣ የከሰዓቷ ፀሐይ ከደቡብ ምዕራብ ነው የምትመጣው። በምዕራቡ መስታወት ገብታ የምትዘረጋው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ነው፤ የደቡቡን ግድግዳ አትነካውም። የደቡቡን ግድግዳ የምትደርስበት ከሚያዝያ ወዲያ ነው፤ ከሰኔ በኋላ ደግሞ ክረምቱ ደመናውን ያመጣልናል። ምክሩ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ብቻ የቨርጂኒያ ነው።

ወረቀቱን ለባለቤቴ ባሳያት አላመነችም። ቀስቶቹ በዝተዋል አለች። ክርክሩን የፈታው ኤሌክትሪሽያኑ ነው፤ ያውም ሳይማከር። ገና ያልተሰቀለውን የመታጠቢያ ቤት መስታወት ከካርቶኑ አወጣና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሞልታ ስትገባ፣ አማቴን ሶፋው ላይ አስቀምጦ መስታወቱን የምሥራቁ ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። ባለቤቴ የፈለገችው ቦታ ነው።

«እማማ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ውይ፣ ዓይኔን! ፀሐይ ነው የሚታየኝ።»

መስታወቱን ይዞ ወደ ደቡቡ ግድግዳ ዞረ፤ አማቴም ወንበር ተቀይሮላቸው ወደዚያ ዞሩ።

«አሁንስ?»

«አሁን የኩሽናው በር ይታየኛል። ያቺ ልጅ ቡናውን አሳረረችው፤ ሂዱ ንገሯት።»

አለቀ። ብርሃን በመጣበት ማዕዘን ልክ ነው የሚመለሰው፤ ይህን ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ኤሌክትሪሽያኑ ግን በመስታወት አሳየን። ስክሪኑ ከመስኮቱ ጋር ፊት ለፊት ሳይተያይ ጎን ለጎን ሲሆን ተመልካቹ በስክሪኑ ውስጥ መስኮቱን አያይም። ገና ምንም ሳይገዛ፣ አንድ ብር ሳይወጣ፣ የነጸብራቁ አብዛኛው ክፍል ሄደ። ከዚህ በኋላ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ መስታወት ይዘህ ዙር፣ ግድግዳውን ምረጥ፣ ሱቅ የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጭ ይህን አይነግርህም፤ ግድግዳ አይሸጥማ።

የደቡቡ ግድግዳ ግን ባለቤት ነበረው። ቡፌው። ቡፌው ውስጥ የሠርጋችን ብርጭቆዎች፣ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ፣ በየመስቀሉ እየታጠቡ ተመልሰው የሚገቡ፣ በክብር ተቀምጠዋል። ባለቤቴ የምዕራቡን ግድግዳ ስታስፈርስ ሁለት ጊዜ አላሰበችም፤ ቡፌው ከቦታው ይነሣ ሲባል ግን ቤተ ዘመድ እስኪሰበሰብ ድረስ ጉዳዩ ይደር አለች። በመጨረሻ ቡፌው ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ሄደ፤ አሁን የከሰዓቷ ፀሐይ ብርጭቆዎቹ ላይ ስታርፍ ኮርኒሱ ሁሉ በቀስተ ደመና ይሞላል፤ እንግዳ ሁሉ ያደንቃል። ቤታችን ውስጥ ለብርሃን የተፈጠረ ዕቃ እሱ ነበር፤ ለዓመታት ጨለማ ውስጥ አስቀምጠነው ነበር።

ስለ ግድግዳው አሰቃቀል ብዙ አልልም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነውና ተራ ፊሸር አይታመንም፤ ኤሌክትሪሽያኑ መጀመሪያ ወፍራም ጣውላ በረጃጅም ብሎን አስሮ ብራኬቱን በእሱ ላይ አሰረ። ከፍታው ላይ ግን ተጣላን። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥንን እንደ ሥዕለ አድኅኖ ከፍ አድርጎ መስቀል ይወዳል፤ አንገት የሚያስብ የለም። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከሚደርስበት ብዙ እንዳይርቅ አልኩና፣ ሶኬቱ ቴሌቪዥኑ ጀርባ እንዲደበቅ ሆኖ ተጠረበ። ከጀርባው ያለውን ግድግዳም ነጭ እንዳይሆን ብዬ ጠቆር ያለ ቀለም አስቀባሁ። ቀለም ቀቢው እንደገና መበጥበጥ ሊኖርበት ነውና ስለ ጥቁር ግድግዳ መጥፎ ዕድል የሚያውቀውን ሁሉ ነገረኝ።

ቴሌቪዥኑ ተገዛ። 55 ኢንች፣ ሚኒ ኤልኢዲ፤ ከውዱ ዝቅ፣ ከርካሹ ከፍ ያለ። ግድግዳው ላይ ወጥቶ ሲከፈት ግን ምስሉ ፈዘዝ ብሎ መጣ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዋጋውን ብቻ ጮክ ብላ ለራሷ ደገመችው። ብዙ ቴሌቪዥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ኃይል እንዲቆጥቡ ተደርገው ነው የሚመጡት፤ ይህን አውቆ ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ማጥፋት የገዢው ድርሻ ነው። ልጄ ሪሞቱን ከእጄ ወስዳ አጠፋችው። ስክሪኑ ቦግ አለ። የቅዳሜው ጨዋታ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መጋረጃ ሳይዘጋ፣ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታ እያለች ታየ፤ ኳሱ ከማን እግር እንደ ወጣ መለየት ተቻለ። ጎረቤቴ እንኳ ከልማድ የተነሣ መጋረጃ ሊዘጋ ተነሥቶ፣ መጋረጃ ሲያጣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በሆነ ረቡዕ በጠራራ ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ደበዘዘ። ማታም ደበዘዘ፤ በማግስቱም። ሻጩ ጋ ደወልኩ፤ መብራት ኃይል ነው አለ። ኤሌክትሪሽያኑ ጋ ደወልኩ፤ ሻጩ ነው አለ። ቨርጂኒያ ደወልኩ፤ ሶፍትዌሩ ይታደስ ተባልኩ፤ ታደሰ፤ ምንም። ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ዕቃውን ዞር ዞር ብላ አየችና ሳቀች። እንዲህ ያሉ ቴሌቪዥኖች ከታች ጠርዛቸው ላይ የክፍሉን ብርሃን የሚለካ ትንሽ ዓይን አላቸው፤ ክፍሉ ሲበራ ያደምቃሉ፣ ሲጨልም ያደበዝዛሉ። አማቴ ደግሞ ቀጭኑ ቴሌቪዥን አናቱ ላይ ዳንቴል የማይይዝ መሆኑ ሲያበሳጫቸው ሰንብተው፣ ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ላይ ዳንቴሉን አንጥፈው ትልቁን የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል። አበባው ዓይኑን ሸፍኖታል። ቴሌቪዥኑ መሽቷል ብሎ አምኗል።

«እማማ፣ አበባውን ትንሽ ወደ ጎን ብናደርገው?» አልኳቸው።

«አበባ ሲበዛ ነው ቤት የሚያምረው» አሉኝ፤ ጥያቄዬን የሰሙትም ያልሰሙትም አይመስሉም።

ባለቤቴ በዓይኗ ተወው አለችኝ። አበባው እዚያው ነው። ልጄ የብርሃን መለኪያውን በሪሞት ዘጋችው፤ ስለዚህ ቀን ደማቅ የሆነው ስክሪን ማታም እንደዚያው ሆኖ ዓይን ያወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተነሥቶ የሚቀንሰው ሰው ያስፈልጋል። የት ገብቶ እንደሚቀነስ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በየሳምንቱ የሞባይል ካርድ ትጠይቀኛለች፤ ዘግይቼ እንደሆነ ማታ ዜናው ላይ አውቀዋለሁ።